ዘጠኝ ላይ የሚቆመው ኮምፓይለር

መሥሪያ ቤታችን ለሃያ ሁለት ዓመታት አንድ ከባድ አደራ ተሸክሞ ኖሯል፦ ሰው በፓስካል ቋንቋ የጻፈውን ፕሮግራም ለማሽን የሚተረጉመውን ኮምፓይለር ማልማትና ከስህተት መጠበቅ። ልማቱን በየዓመቱ የመመሪያ መጽሐፉን ሽፋን በመቀየር፣ ጥበቃውን ደግሞ ስህተቱን ማንም እንዳይነካው በማድረግ እንወጣዋለን።

ስህተቱ አንድ ነው። ኮምፓይለሩ እስከ አሥር ቁጠር ሲባል ዘጠኝ ላይ ያቆማል። በዚህ የተጎዳ የለም፤ አሥር የፈለገ ሁሉ አሥራ አንድ ብሎ መጻፍ ለምዷል። ደንባችንም ስህተት የሚታረመው የሠራው ሰው በማረሚያ ፎርሙ ግርጌ "ስህተቱ የእኔ ነው" በሚለው ላይ ሲፈርም ብቻ ነው ይላል። የዚህችን ስህተት ሠሪ በመሥሪያ ቤቱ ማንም አያውቅም፤ በተለይ ዋና ዳይሬክተሩ በወጣትነታቸው ኮምፓይለሩን ብቻቸውን መጻፋቸውን የምናውቅ ሰዎች ጨርሶ አናውቅም።

እንዲህ በሰላም ስንኖር ድርብ ሰረዝ መጣች። ይህን ስም ያወጣንላት ከፕሮግራም መስመር መጨረሻ አንዲት ድርብ ሰረዝ ከጎደለች እንቅልፍ ስለማይወስዳት ነው። ቋሚ ሠራተኛ ለመሆን አንድ ሳምንት ቀርቷት ነበር፤ እጇን የሚያዩ ሁለት ታናናሽ ወንድሞችም ነበሯት። ታዲያ አርፋ አትቀመጥም? አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ያለ ፎርም፣ ያለ ፊርማ፣ ስህተቱን አረመችው።

ሰኞ ጠዋት የጥገና ሠራተኛው እንደ ልማዱ የአሳንሰሩን ፕሮግራም በኮምፓይለሩ አስተረጎመ። ሕንፃችን ዘጠኝ ፎቅ ነው፤ በፕሮግራሙ የተጻፈው ግን፣ እንደ ወጋችን፣ አሥር ነው። ዳይሬክተሩ የሚያማቸውን ጉልበት እያሹ ገቡና የላይኛውን ቁልፍ ተጫኑ። አሳንሰሩም ወደሌለው አሥረኛ ፎቅ ጉዞ ጀምሮ ጣሪያው ሥር ተቀረቀረ። ክቡርነታቸው ለሁለት ሰዓት ያህል ከሁላችንም በላይ ሆነው ቆዩ።

"ማነው የነካው?" አሉ በበሩ ስንጥቅ።

"እኔ ነኝ ክቡርነትዎ። አረምኩት እኮ!"

"ማን አርሚ አለሽ?"

"ስህተት ነው ብዬ ነዋ።"

"የኔ ልጅ፣ ሰው ሁሉ የለመደው ስህተት አሠራር ይባላል።"

"የአሳንሰሩን አሥር ዘጠኝ ላድርገው? አንድ ደቂቃ አይፈጅም።"

"አንድ ደቂቃ! ይኸው ችኮላሽ ነው እኮ እዚህ የሰቀለኝ!"

ኮሚቴ ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ። "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" ተብሎ ስህተቱ ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ ድርብ ሰረዝ እንድትሰናበት፣ የአሳንሰሩ አሥር ቁጥርም ሳይነካ ለሕንፃው አንድ ፎቅ እንዲጨመርለት ተወሰነ፤ ቁጥር ከመቀነስ ፎቅ መጨመር ለክብራችን ይስማማልና። እኔም እጄን አወጣሁ። ልጅቱ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ስትወጣ ግን ዓይኗን ማየት አቃተኝ፤ አፈርኩ።

ከስምንት ወር በኋላ አሥረኛው ፎቅ ተመረቀ፤ የዳይሬክተሩ ቢሮም ወደዚያ ወጣ። ሪባን ሊቆርጡ እንግዶቻቸውን አስከትለው አሳንሰሩ ውስጥ ገቡ። ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። ስህተቱን መልሰን እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለን። አሥሩን አሥራ አንድ እንዳናደርገው ደግሞ ቁጥሩ እንዳይነካ የሚል ውሳኔ አለ። ቀሪውን በደረጃ ወጡት።

ሳምንት ሙሉ ጉልበታቸውን ደግፈው ከወጡ በኋላ ድርብ ሰረዝን አስጠሯት።

"የኔ ልጅ፣ ያቺን ነገር እንደዚያን ጊዜው አርሚልኝ። በዚያው ቋሚ አደርግሻለሁ።"

"እሺ ክቡርነትዎ። አሁንማ ደንቡን ተምሬያለሁ" አለችና ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። "እዚች ግርጌዋ ላይ ብቻ ይፈርሙልኝ።"

ዳይሬክተሩ እስክሪብቶ አነሱ። የግርጌዋን ዓረፍተ ነገር አነበቡ። ከዚያም እስክሪብቶውን መልሰው ከደኑትና ደረጃ መውጣት ለጉልበት መድኃኒት መሆኑን ነገሩን።

ድርብ ሰረዝ ቋሚ አልሆነችም። ስህተቱ ግን ይኸው ሃያ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ በቋሚነት እያገለገለ ነው።