ወለዱን አውርጄ ብድሩን የሰቀልኩ እኔ

ርካሽ ነገር ለድሃ ደርሶ አያውቅም! ልትቆጡኝ ትችላላችሁ፤ መጀመሪያ ግን አንድ ነገር መልሱልኝ። በተወሰነ ዋጋ ይሸጣል የሚባለውን የሸማቾች ዘይት በዓይኑ ያየ አለ? እኔ ወረፋውን ነው የማውቀው። ከፊቴ የቆመችውን ሴትዮ ጀርባ እስክሞት አልረሳውም። ዘይቱን ግን... እሱን የሚያውቁት ወረፋ የማይሰለፉት ናቸው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ በገዛ አፌ ወለድ ያስወሰንኩት።

ወሰን ሰፈር የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጋር ሆነን ያቋቋምነው የቁጠባና ብድር ማኅበርም አለን። በየወሩ እንቆጥባለን፤ የቸገረው ከመቶ ሃያ ወለድ እየከፈለ ይበደራል። ስብሰባችን በጸሎት ይከፈታል፣ በጸሎት ይዘጋል፤ መሀሉ ላይ ያለውን እግዜር ይይልን። የብድር ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ባንክ ቤት ብድር ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ።

ከጋሽ ደምሴ ጋር የቆየ ጉዳይ አለን። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም አንዲት የስፌት መኪና ልገዛ ብድር ፈልጌ እሳቸው ባንክ ሄድኩ። ቅጼን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና፣

«ባለቤትሽ ይምጣና ይፈርም» አሉኝ።

ባለቤቴ! ያለበትን ባውቅ እኔም በጆሮው ጎትቼ አመጣው ነበር። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም። ደግሞ ቂመኛ ናት እንዳትሉኝ! የማስታወስ ችሎታዬ ጥሩ ነው፣ ሌላ አይደለም።

አምና በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ያ ማስታወሴ ተነሳና ማይክ ጨበጠ።

«ወንድሞችና እህቶች! ከቸገረው ወንድም ላይ ከመቶ ሃያ መውሰድ በየትኛው መጽሐፍ ተጽፏል? ከስምንት በላይ እንዳይሆን ይወሰን!»

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው ተነሱ። «እህት አስቴር፣ ዋጋውን ማሰር ቀላል ነው። ገንዘቡ ግን ያው ነው፣ አልጨመረም። ኋላ ላይ...»

«እርስዎ ጡረታ ቢወጡም ባንኩ ከእርስዎ አልወጣም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ደምሴ ተቀመጡ። ውሳኔው በጭብጨባ አለፈ፤ ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው ኢንጂነር ናትናኤል የሚባል፣ ሁለት ሕንፃ ያለው ወንድማችን ነበር። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባል የለ? በመዝጊያው ጸሎት ላይ ሁሉም ዓይኑን ሲጨፍን እኔ አንዱን ገልጬ የጋሽ ደምሴን ፊት ስኮመኩም ነበር።

ወሩ ሳይሞላ ጉዱ ፈላ። ድሮ ተበድሮ የማያውቀው ሁሉ በስምንት ሲሆንለት ችግር ተፈጠረበት! አንዱ መኪናውን ሊቀይር፣ አንዱ ግቢውን ንጣፍ ሊያነጥፍ... ኮሚቴው ያው አንድ ከረጢት ይዞ መምረጥ ጀመረ። የቤት ካርታ ያለው በቀኝ፣ የሌለው በግራ። ቅጹ ይገዛል፣ የግምገማ ይከፈላል፣ የሥልጠና ይከፈላል። ስምንቱ በፊት ለፊት በር ቆመ፤ የቀረው ወለድ በጓሮ ገባ።

ጎመን የምትሸጠው ዝናሽ ድሮ ሰኞ ጠይቃ ሐሙስ ትወስድ ነበር። አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆማ፣

«እትዬ አስቴር፣ ያ ውዱ ብድር አልቋል እንዴ?» አለችኝ።

«ርካሽ አደረግንልሽ እኮ!»

«ርካሹ እኔ ጋ አልደረሰም። እኔ የምፈልገው ያንን ነው፣ የሚሰጠውን።»

ሥራ አለብኝ ብዬ መለስኳት። እውነትም ሥራ ነበረብኝ። የካ ሚካኤል አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት የሁለት መቶ ልጆች ዩኒፎርም እንድሰፋ ሰጥቶኛል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አይቼ አላውቅም። ችግሩ ቀብድ አይሰጡም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨርቁን ገዝቼ ካልጀመርኩ ሥራው መገናኛ ላለ ሌላ ሰፊ ይሄዳል። ምን ቸገረኝ! ወለድ ያስቀነስኩ ሴት አይደለሁ? ደረቴን ነፍቼ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ።

«ካርታ አለሽ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«የቀበሌ ቤት እንደምኖር ያውቃሉ።»

«የደመወዝ ዋስ?»

«ደመወዝተኛ ዘመድ ቢኖረኝ እዚህ ምን አመጣኝ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እህት አስቴር፣ በሃያው ጊዜ እንዳንቺ ላሉ ለአሥር ሰዎች ሰጥተን አንዱ ቢጠፋ የዘጠኙ ወለድ ይደፍነዋል። በስምንት ምን ይደፍነዋል? ስለዚህ ጨርሶ የማይጠፋውን ብቻ እንመርጣለን። ባንክ ቤትም ያየሁት ይሄንኑ ነው፤ ወለዱን ስታስሪው ገንዘቡ ካርታ ወዳለው ይሄዳል።»

«እኔ የት እጠፋለሁ? ሠላሳ ዓመት ወሰን ነኝ!»

«እኔ አውቃለሁ። ወረቀቱ አያውቅም። ለማንኛውም እንጸልይበት።»

እንጸልይበት ማለት እንቢ ማለት እንደሆነ የማኅበራችን ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቃሉ።

ብዙውን ብር ማን ወሰደው? ኢንጂነሩ! ሁለት ሕንፃ፣ ሁለት ካርታ። ቀን ሲያልቅብኝ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት ላይ ያለው ግቢው ድረስ ጉልበቴን እየለመንኩ ወጣሁ።

«ለእርስዎማ እንዴት እንቢ እላለሁ፣ እትዬ!» አለ። «በአርባ ይሁን።»

«ከመቶ አርባ? ከኛ በስምንት አይደል የወሰድከው?»

«አዎ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ይሄ እኮ አራጣ ነው!»

«ኧረ እትዬ፣ መተጋገዝ ነው። ሪስክ አለው... ካርታ እንኳ የለዎትም።»

አያችሁ? የገዛ ቁጠባዬ በስምንት እንጦጦ ወጥቶ፣ ነፋሻ አየር ተቀብሎ፣ በአርባ ወደ እኔ ወረደ። ወሰድኩ፤ ምን ላድርግ! ሁለት መቶውንም ሰፍቼ በቀኑ አስረከብኩ። ትርፉን ለኢንጂነሩ ይዤለት ወጣሁ። ለእኔ የወገብ ሕመሙ ተረፈኝ፤ እሱ ደግሞ ወለድ የለውም።

ባለፈው ሳምንት ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። ጋሽ ደምሴ ተነስተው ገደቡ ይነሳና ማኅበሩ እንደየሰዉ ወለድ ይተምን አሉ። ኢንጂነሩ እንደ እሳት ዘለለ።

«በፍጹም! የድሆች እህቶቻችንን መብት አናስነካም!»

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

ዝናሽ ብቻ ከኋላ ሆና «ድሃዋ እኔ ነኝ፣ ይነሳልኝ!» ብላ ጮኸች። ማይክ አልሰጧትም።

ድምፅ ተሰጠ። ጋሽ ደምሴ እጅ እየቆጠሩ እኔ ጋ ሲደርሱ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። እጄ ጭኔ ላይ ነበር። ላነሳው ሞከርኩ፣ እውነቴን ነው ሞከርኩ፤ ግን ሰውዬው ፈገግ ሊሉ ሲሉ አየሁ... እጄ እንደ ድንጋይ ከበደ።

ሐሳቡ አንድ ድምፅ ብቻ ጎድሎት ወደቀ። ዝናሽ እስከ ዛሬ የጎደለችው ድምፅ የማንዋ ከይሲ እንደሆነች ትጠይቃለች፤ እኔም አብሬያት እራገማለሁ። ምን ላድርግ፣ ወገኖቼ? አርባውን እንደምንም ከፍያለሁ፤ «ጋሽ ደምሴ፣ ልክ ነበሩ» የምትለዋን ቃል ግን በመቶ ወለድም የሚያበድረኝ አላገኘሁም።