ውሃ ያጠጣሁት ግድግዳ

ፎቅ ሲሠራ ቆሞ ማየት ትወዳላችሁ? እኔ ድሮ እወድ ነበር። ከባጃጅ ወርጄ፣ ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ፣ ስንተኛው ላይ ደረሰ እያልኩ አንጋጥጬ አያለሁ። አሶሳ ላይ ዛሬ ዛሬ የሚታይ ፎቅ አይጠፋም። እዚያ ላይ የቆመው የሰው ልጅ መሆኑን ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ልጄ ሐያት እስክትወጣበት ድረስ።

ሐያት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት አልመጣላትም። የማን ልጅ መጣለት? ቴክኒክና ሙያ ገባች። እኔ ኮምፒውተር ትማራለች ብዬ ነበር። ወንበር አለው፣ ጥላ አለው። እሷ ግንባታ መረጠች። ምነው ልጄ ብላት፣ "እማ፣ ወንበር የመረጡት ሁሉ ቤታቸው ተቀምጠዋል" አለችኝ። ከስምንተኛ ክፍል ያቆምኩት እኔ የመመዝገቢያዋን ብር ቆጥሬ ሰጠኋት።

ለሦስት ወር ልምምድ አንድ ፎቅ ላይ ከሚሠሩት ግንበኛ ከጋሽ ሙሳ ጋር ተመደበች። ጋሽ ሙሳ የመንጌ ወረዳ ሰው ናቸው። አማርኛን ካደጉ በኋላ ስለለመዱት ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ይላሉ። በሥራም እንደዚያው ናቸው። ብሎኬት ሲያሸክሙ ሴት ናት ብለው አያቀሉላትም።

የእኔን ነገር ምን ልበላችሁ! መወጣጫው ቀርከሃና ባሕር ዛፍ ነው። ቀርከሃን አውቀዋለሁ። በሰፈራ ከወሎ ስንመጣ የገባንበት ጎጆ የቀርከሃ ነበር፤ ነፋስ ሲነሳ ይጮህ የነበረው ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልጄ እንግዲህ እዚያ ላይ ቆማለች። በዙሁር ሶላት ዱዓ አደርጋለሁ፣ በአስር ሶላት እደግማለሁ። በመሃል ያለውን ሰዓት ደግሞ ከሕንፃው ማዶ ኦቾሎኒ ሻጯ ጎን ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ያን ሰሞን የበላሁት ኦቾሎኒ! ሐያት አንድ ቀን ከላይ ሆና አየችኝ። "እማ፣ ሠራተኞቹ 'ፎርማኗ መጣች' ይሉሻል" ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ወዲያ እዚያው አጠገብ ወዳለ የማንጎ ዛፍ ጀርባ ተዛወርኩ።

ሦስት ወሩ ሊያልቅ ሲል ጋሽ ሙሳ ቁርጡን ነገሯት። አርብ ጠዋት ምድር ላይ አንድ ግድግዳ ብቻህን ትሠራለህ፤ ከጁምዓ ስንመለስ ቱንቢ እጥልበታለሁ፤ ቀጥ ካለ ከእኔ ጋር ተቀጥረህ ትሠራለህ፤ ከጠመመ ወረቀትህን ፈርሜ አሰናብትሃለሁ አሏት። ቱንቢ ያው በሲባጎ የምትንጠለጠል ብረት ናት። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር የልጄን እንጀራ ትያዝ?

አርብ ሐያት ግድግዳዋን ጨርሳ ለሶላት ቤት መጣች። እሷ ስትሰግድ እኔ እስቲ አንዴ ልየው ብዬ ሹልክ አልኩ። ሠራተኛው ሁሉ መስጊድ ነው። ጥበቃው "ይግቡ፣ ፎርማን" ብሎ ሳቀብኝ።

ግድግዳው ቆሟል። ማሻአላህ፣ ቀጥ ብሏል። ግን ፀሐዩ! ጋሽ ሙሳ በየጠዋቱ "ውሃ! ግድግዳ ውሃ ይጠጣል!" እያሉ ሲጮሁ ከማዶ ስንቴ ሰምቻለሁ። ልጄ ረስታዋለች ማለት ነው! እኔ ደግሞ የግቢዬን ማንጎ በጀሪካን ያሳደግሁ ሴት ነኝ፤ ፀሐይ የመታው ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ቢስሚላህ ብዬ የውሃ ታንከሩን ጎማ ከፈትኩ። ከላይ እስከ ታች፣ ጥጉ ሳይቀር አጠጣሁት።

መጀመሪያ ግራጫ ውሃ ወረደ። ጠጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ቀጥሎ በብሎኬቶቹ መሃል ያለው ሲሚንቶ ተከትሎት ወረደ። ከዚያ የላይኛው ረድፍ ወደ እኔ ዘመም አለ። ዘልዬ በደረቴ ደገፍኩት። እንዲህ ግድግዳ አቅፌ፣ ጎማው እግሬ ሥር እየፈሰሰ ቆሜ ሳለሁ፣ ጋሽ ሙሳና ሐያት ደረሱ።

ሐያት አልጮኸችም። ምነው በጮኸች! "እማ፣ ውሃ የሚጠጣው እኮ በማግሥቱ ነው" ብቻ አለች። ጋሽ ሙሳ ቱንቢያቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቱንቢዋን መልሰው ከተቱ። አለቀ አልኩ።

"ጋሽ ሙሳ፣ እሷ የለችበትም፣ እኔ ነኝ" አልኩ፤ እንዳልታየሁ ሁሉ።

"ወላሂ፣ አየሁ" አሉ። "አንተ እናት፣ ግድግዳውን እንዳትለቅ። ሐያት፣ አፍርስ። እኔ ፊት ሥራ።"

ከደረቴ ላይ ካለው ብሎኬት ጀመረች። አንድ በአንድ አወረደች፣ አጠበች፣ ሲሚንቶ አቦካች፣ እንደገና ደረደረች። አንዴም ዞር ብላ አላየችኝም። የአስር አዛን ሲሰማ ሲባጎው ወረደ። ከላይ እስከ ታች ከግድግዳው እኩል ነበር።

"የጠዋቱን ሌላ ሰው አግዞህ ይሆናል እል ነበር" አሏት ጋሽ ሙሳ። "ይሄን በዓይኔ አየሁ። ሰኞ ና።" ለእኔም ትእዛዝ አልቀረልኝም፤ ማንጎ ማጠጣት ለምዶብኝ ነው ስላቸው፣ ማንጎዬን ብቻ እንዳጠጣ።

አሁን ተመልሼ ኦቾሎኒው ጋ እቀመጣለሁ፤ ምን ላድርግ? ሦስት ወር ሙሉ አላህን ልጄን ከግድግዳው ጠብቅልኝ ስል ከረምኩ። ግድግዳውን ከእኔ እንዲጠብቅ የለመነ ሰው ግን አልነበረም። አሁን አለ። ሐያት ጠዋት ስትወጣ በር ላይ ቆም ብላ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አያታለሁ። እሰይ፣ ለራስሽ ዱዓ ጀመርሽ ብላት፣

"ለግድግዳው ነው" አለችኝ።