ዓይን ጨፍኖ ዓሣ መጠበቅ

ሰው ከስህተቱ ይማራል ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን አንድ የዘነጉት ነገር አለ። ስህተትም ከሰው ትማራለች! አንዴ በበር ገብታ ጉድ ትሠራሃለች። ብልጥ ሆንኩ ብለህ በሩን ስትቀረቅር፣ እሷ በመስኮት መግባት ተምራ ትመጣለች። አባቶቻችን "እባብ ያየ በልጥ በረየ" ብለው አለፉ። ከልጥ ሲሸሽ ገደል የገባውን ሰውዬ ነገር ለምን ሳይነግሩን እንደቀሩ አላውቅም። ምናልባት እኔን እየጠበቁ ይሆናል።

የኔ ችግር ሐሳብ ነው። ሐዋሳ እየኖሩ ደግሞ ሐሳብ ሳይወስድ ይቀራል እንዴ? ፒያሳ ካለው ቢሮዬ ወጥቼ ወደ ሐይቁ ስወርድ፣ የሚሄደው እግሬ ነው እንጂ እኔስ ቀድሜ ደርሻለሁ። ጠዋት ጠዋት ውሃው የቱ ጋ አልቆ ሰማዩ የቱ ጋ እንደሚጀምር አይለይም፤ ጀልባዎቹ አየር ላይ የቆሙ ይመስሉኛል። ማርታ ይህን አመሌን ታውቃለች። "አግቢኝ" ያልኳት እንኳ ፊቷን ሳይሆን ውሃውን እያየሁ ነበር። ደግነቱ እሺ ያለችኝ ውሃው ሳይሆን እሷ ናት። የቀሩት አባቷ ጋሽ ሀሜሶ ነበሩ።

ጋሽ ሀሜሶ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ መናኸሪያ በኩል የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላቸው። ቃላቸውም እንደሚሸጡት ሚስማር አጭርና ወጊ ነው። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት አብረን እንድንበላ ፈለጉ፤ ሰው የሚታወቀው ማዕድ ላይ ነው ባይ ናቸው። እሺ አልኩና ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄድን። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን፣ የተጠበሰው ዓሣ ከዳጣ ጋር ቀረበ። አባትና ልጅ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ ጋሽ ሀሜሶ ዓሣውን አደራ አሉኝ።

እኔም ዓሣውን ማየት ጀመርኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ከዓሣው ባሻገር ሐይቁ አለ! ውሃው ላይ ቀስ እያለ አንድ ቤት ታየኝ። በረንዳው ላይ ማርታ ቆማለች፤ አንዲት ትንሽ ልጅ በባዶ እግሯ ማዕበሉን እየረገጠች ወደኔ ትሮጣለች። እንዴት ታምራለች መሰላችሁ! ስም እያወጣሁላት ሳለ ጋሽ ሀሜሶ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ሳህኑ ላይ የቀረው ዳጣው ብቻ ነው። አባ ኮዳ፣ ያ መላጣ ግዙፍ አሞራ፣ ከነጓደኛው ራቅ ብሎ ቆሞ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ያየኛል። ጋሽ ሀሜሶ በሲዳምኛ አንድ ነገር አሉ፤ ማርታ ልትተረጉምልኝ አልፈለገችም። ቀጥለው በአማርኛ፣ ዓሣ መጠበቅ ያቃተው ልጄን ይጠብቃል ወይ ብለው ጠየቁ። አፈርኩ። ማርታም እንባዋ መጣ።

ለምና ለምና ሁለተኛ ቀጠሮ አስገኘችልኝ፤ የመጨረሻ መሆኑንም ነገረችኝ። እዚያው አሞራ ገደል፣ እዚያው ዛፍ ሥር። ግን እኔ ተምሬያለኋ! ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ውሃው ቀስ ብሎ ድንጋዩን ሲመታ ስሜን የሚጠራኝ ይመስለኛል፤ ወይ ፍንክች! ዓይኔን ዓሣው ላይ ተከልኩ። አባ ኮዳም ተምሮ ኖሮ እንደ መንገደኛ ወዲያ ወዲያ እያየ ይጠጋል።

ማርታ ሎሚ ልታመጣ ሄደች። ጋሽ ሀሜሶ እሷ እስክትመለስ ማዕዱን እንባርክ አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጉድ ፈላ! የጋሽ ሀሜሶን ጸሎት የማያውቅ የለም፤ ከአገር መሪዎች ተነስቶ በታመሙት በኩል አድርጎ ነው ዓሣ ጋ የሚደርሰው። ዓይኔን ብጨፍን ዓሣው ሊሄድ ነው፤ ብገልጥ ደግሞ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው ልባል ነው። ጨፈንኩ። የጨፈንኩት ዓይን ውስጥ ደግሞ ያ ቤት መጣ፤ ልጅቷም መጣች፣ አሁንም ስም የላትም። ኧረ አይሆንም ብዬ አንድ ዓይኔን ገለጥ አደረግኩ።

የጋሽ ሀሜሶም አንድ ዓይን ተገልጦ ዓሣውን ይጠብቅ ነበር።

ተያየን። እሳቸው ጸሎቱን አላቋረጡም፤ ለታመሙት እየለመኑ እኔን ያያሉ፣ እኔም በየመሃሉ አሜን እያልኩ እሳቸውን አያለሁ። ማን ቀድሞ ይጨፍን? እንዲህ ተፋጠን ሳለን በመካከላችን አንድ ትልቅ ክንፍ አለፈ። ጸሎቱ በፍጥነት አለቀ።

ማርታ ሎሚዋን ይዛ ደረሰች። ባዶውን ሳህን አየች፣ እኔን አየች። ዓሣው የት ሄደ ብላ የጠየቀችው ግን አባቷን ነው። ጋሽ ሀሜሶ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ ጸሎት ላይ ሳለን አሞራ ወሰደው፣ ዓይናችንን ጨፍነን ምን እናይ ነበር አሏት። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ከተዋወቅን ጀምሮ ብለውኝ የማያውቁትን ቃል ጨመሩበት፦

"አይደለም እንዴ፣ ልጄ?"

"አሜን" አልኳቸው።