በር የሚያንኳኳው ሮቦት

ሰላምተኛ የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። ሐኪም የሌለው ሰፈር ይኖራል፣ ውሃ የማይደርሰው ሰፈር ይኖራል፤ መንገድ መሃል አስቁሞ ከራስዎ አንሥቶ እስከ አማችዎ ድመት ድረስ ደህንነት የሚጠይቅ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልሰማሁም።

የእኛው ክቡር ሰላምተኛ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ስላደሉ የማን ልጅ የት እንደሚማር፣ የማን ወገብ መቼ እንደሚነሣበት ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ዓይን አፋር ልብስ ሰፊ ነኝ። ክር ልገዛ ስወጣ ክቡርነታቸውን ከሩቅ ካየሁ በጓሮ በኩል እዞራለሁ። ጓሮው ጋ ስደርስ እሳቸው ቀድመውኛል።

«እህቴ፣ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎስ? ደረጃው አላስቸገረዎትም? የስፌት መኪናዎስ ክር መበጠሱን ተወች?»

የመኪናዬን ጤና የሚጠይቅ ሰው ከእሳቸው ሌላ አላጋጠመኝም። ልመልስ አፌን ስከፍት እሳቸው ራሳቸው «ተመስገን ነው፣ ተመስገን ነው» ብለውልኝ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋሉ።

አምና የእህቴ ልጅ፣ የፊዚክስ መምህርቷ፣ በሰፈሩ አዳራሽ ቴአትር ላዘጋጅ ብላ ተነሣች። ቴአትሩ ከሩቅ አገር የመጣ፣ የቆየ ነው። ሰዎች ሥራ ይሰለቻቸውና በፋብሪካ ሮቦቶችን ይሠራሉ። ሮቦቶቹ ሁሉን ይችላሉ፣ ምንም አይሰማቸውም፤ ኋላ ግን ተነሥተው ሠሪዎቻቸውን ያጠፋሉ። ዐሥራ አንድ ግራጫ ቱታ ሰፋሁ። «አክስቴ፣ ሮቦት በኪስ ምን ይከታል?» ስላለችኝ ያለ ኪስ ነው የሰፋሁት። የሮቦቶቹ አለቃ ማን ይሁን ሲባል ክቡርነታቸው እጃቸውን አወጡ። ቁመታቸው የስልክ እንጨት ያህል ስለሆነ ተፈቀደላቸው።

ትልቁ ትዕይንት ላይ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቢሮው ውስጥ ተደብቋል፤ ሥራ አስኪያጁ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሮቦቶቹ በሩን ገንጥለው ይገቡና አለቃቸው «የሰው ዘመን አበቃ» ይላል። በመጀመሪያው ልምምድ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

«ማን ነው?» አለ ዳቦ ጋጋሪው ግራ ገብቶት።

«እኔ ነኝ፣ ይቅርታ፣ መጣሁብህ» አሉ የሮቦቶቹ አለቃ። ገቡ። «እንዴት ዋልክ? ልጁን ትኩሳቱ ለቀቀው?»

«ለቀቀው፣ ተመስገን።»

«ተመስገን ነው። የሰው ዘመን አበቃ።»

ከኋላቸው የቆሙት ዐሥር ሮቦቶች ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተንከባለሉ።

«ጋሼ!» አለች አዘጋጇ። «ሮቦት በር አያንኳኳም!»

«ልጄ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሳላንኳኳ የገባሁበት ቤት የለም። እጄ ራሱ ነው የሚሄደው።»

«ሊገድሉት እኮ ነው የመጡት!»

«ቢሆንስ? ለመግደልስ ቢሆን ሰው ቤት ዝም ተብሎ ይገባል?»

በሦስተኛው ሳምንት የእህቴ ልጅ ትዕግሥት አለቀ። ቴአትሩ እስከሚታይበት እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ካልተስተካከሉ ሚናው ለአዳራሹ ጥበቃ እንደሚሰጥ ነገረቻቸው። በማግስቱ የቱታቸውን እግር ላስረዝም ስለካቸው፣ ያ የማያልቅ ሰላምታቸው አጥሮ አገኘሁት።

«ደብዳቤ ስይዝ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር» አሉኝ። «አሁን የሚጠብቀኝ የለም። አንድ ቀን እንኳ ሰው ሁሉ የምገባበትን በር እያየ ቢጠብቀኝ ብዬ ነው።»

አንድ ነገር ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን አፌ መርፌ ቁልፍ ይዞ ነበር። ባይዝም አልናገርም ነበር።

አዘጋጇ መድኃኒት አዘዘች፤ ከሰኞ ጀምሮ ማንንም ሰላም ማለት የለም። ክቡርነታቸው ታዘዙ። ዓይናቸውን ፊት ለፊት ተክለው፣ እጃቸውን ከጎናቸው አጣብቀው በሰፈሩ መሃል ያልፉ ጀመር። ሰፈሩ ታመሰ። ፀጉር አስተካካዩ «ምን በደልኳቸው?» እያለ ሽማግሌ ሊልክ ተነሣ። የአንድ ቤት ሁለት ምራቶች «አንቺ ነሽ ለእሳቸው ያማሽኝ!» ተባብለው ተኳረፉ። ባለ ሱቋ ለእኔ «ንገሩልኝ፣ የባለፈው ሳሙና ካላረፋላቸው እቀይራለሁ» አለችኝ።

እኔ ግልግል ነው ብዬ ነበር። ሰኞ በዋናው መንገድ ቀጥ ብዬ ሄጄ ክሬን ገዛሁ። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ፣ ከሰኞ ጀምሮ ስለ ጉልበቴ ማንም እንዳልጠየቀኝ ገባኝ። ሐሙስ ክር ሳያልቅብኝ ወጣሁ። አጠገቤ አለፉ፤ ዝም አሉ። ጉልበቴ ያን ቀን ባሰበት።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። እኔ ከመጋረጃው ጎን መርፌና ክር ይዤ ቆሜያለሁ። ሥራ አስኪያጁ ተደበቀ። ሰው ሁሉ በሩን ያያል። አዘጋጇ ጥፍሯን ትበላለች፤ ጥበቃው ለክፉ ቀን ተብሎ የተሰፋለትን ዐሥራ ሁለተኛ ቱታ ለብሶ ተዘጋጅቷል።

በሩ በአንድ ርግጫ ተገነጠለ። ክቡርነታቸው ገቡ። ዳቦ ጋጋሪውን እንደ ግድግዳ አዩት። «የሰው ዘመን አበቃ» ሲሉ ከፊት ወንበር አንዲት ሴት ጮኸች፤ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ አባቱን ሊያድን መድረክ ላይ ሊወጣ ሲል በቀበቶው ጎትተው መለሱት። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ነበር።

ካለቀ በኋላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገቡ። ቱታው የሚቆለፈው ከኋላ ነው፤ ራሳቸው ሊፈቱት አይችሉም። ፊታቸው የብር ቀለም እንደተቀባ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። ዝም። የሳምንቱ ልማድ ይሁን ድካም አላወቅሁም። በሰፈራችን ደግሞ ቀድሞ የሚናገር ሰው ከእሳቸው ሌላ አልነበረም።

«ወንድሜ» አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «እርስዎስ… እንዴት ነዎት?»

ዞር አሉ። ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት። ሰፈሩን ሁሉ ሲጠይቁ የኖሩት ሰው ራሳቸው ተጠይቀው አያውቁም።

«እኔ?» አሉ በመጨረሻ። «እኔማ… ይኼውልዎ፣ ይኼ ትከሻዬ፣ የደብዳቤ ቦርሳው በኩል፣ ማለዳ ማለዳ…»

ከትከሻቸው ወደ ጥርሳቸው፣ ከጥርሳቸው ወደሚያፈስሰው ቧንቧቸው፣ ከዚያም ደብዳቤ ወደማትጽፍላቸው ልጃቸው ሄዱ። የእህቴ ልጅ ከውጭ «አክስቴ፣ አዳራሹ ሊዘጋ ነው!» ብላ ሁለት ጊዜ ተጣራች።

ቁልፉ ስምንት ነበር። አንድ በአንድ፣ ቀስ እያልኩ ፈታሁት።