እንቅልፍ ሽማግሌ ላከ

ትናንት ማታ የሥራ መልቀቂያዬን ለአለቃዬ ልኬ ተኛሁና ሌሊቱን በሕልሜ ቢሮ ገባሁ። ሰው በሕልሙ እንኳ ላንጋኖ ይሄዳል፤ እኔ ቢሮ።

ፕሮግራመር ነኝ። ደሞዜ ዘመድ የሚያኮራ ነው። እንቅልፍ ግን ከራቀኝ ከርሟል፤ ጠዋት ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። ደክሞኛል፤ ሌላ ስም የለውም።

ቢሮ ስገባ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ታመው ብርድ ልብስ ለብሰው ተኝተዋል። ባልደረቦቼ ብርቱካንና ሙዝ ይዘው ሊጠይቋቸው ተሰልፈዋል። የእኔ ኮምፒውተር ትኩሳት ነበረው።

“ምን ነካው?” አልኳት ነርሷን።

“ሥራ በዝቶበት ነው። ሦስት ወር እንዲያርፍ ታዞለታል።”

“እኔስ?”

“አንቺማ ሰው ነሽ። ሰው ምን ይሆናል ብለሽ ነው?” አለችኝና ብርቱካን ትልጥለት ጀመር።

አለቃዬ ያፌት በእግሩ ጣት እየተራመደ መጣና ዓይኔን አየው። “ቀልቷል” አለ በሹክሹክታ። “እንዲህ ሆነሽ በሽተኞቹን ታስደነግጫቸዋለሽ። ሂጂ ቤትሽ።”

ቤት ስደርስ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ሳሎን ቆመዋል። አንዱ ትራስ ነው። ሁለተኛው ሥራ ፈትቶ የኖረው የቢሯችን ሊፍት ነው። ሦስተኛው በግ ነው፤ በማን በኩል እንደሚዛመደን አላውቅም። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተደበቅኩ።

“ተቀመጡ እንጂ” አለች እማዬ።

“የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም” አለ ትራሱ። “ልጅዎን ለልጃችን ለእንቅልፍ እንዲሰጡን ነው።”

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። “ልጃችሁ ሥራው ምንድን ነው?”

“ሥራ የለውም።”

“ደሞዝስ?”

“የለውም።”

“ቤት?”

“ያደረበት ሁሉ ቤቱ ነው።”

“ታዲያ ምን ይዞ ነው ልጄን የሚጠይቀው?”

ሊፍቱ ጉሮሮውን ጠረገ። “ሰው ያደርጋታል” አለ።

ይህን ስሰማ እማዬ፣ ስጪኝ፣ ዛሬውኑ ስጪኝ ልላት ፈለግኩ። አፌን ስከፍት ግን የሚወጣው የኪቦርድ ድምፅ ብቻ ሆነ። በጉ ወደ መጋረጃው ዞር ብሎ በሐዘኔታ አየኝ።

እማዬ እንደሆነች ወግ ታውቃለች። ሴት ልጅ በተጠየቀችበት ቀን እሺ ተብላ አትሰጥም።

“ከዘመድ ልምከርበት” አለቻቸው።

“መቼ እንመለስ?”

“የዛሬ ዓመት።”

እጅ ነስተው ወጡ። ልከተላቸው ስል መጋረጃው እግሬ ላይ ተጠመጠመ። እየተንፏቀቅኩ በሩ ጋ ስደርስ መንገዱ ላይ ማንም የለም። ደፉ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስነቃ ረፍዷል። እማዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኬን ይዛለች።

“ያፌት ደውሎልሽ ነበር” አለች። “ተኝታለች፣ አልቀሰቅሳትም አልኩት።”

እንዲህ ብላልኝ አታውቅም። እጇን ይዤ ሳምኳት።

“መልቀቂያሽን አይቶ ደንግጧል መሰለኝ” ብላ ቀጠለች። “አትሂድብን፣ ደሞዟን እጥፍ አደርግላታለሁ፣ የሌሊቱንም ሥራ ደርባ ትያዝልን አለኝ።”

“አንቺስ ምን አልሽው?”

“ምን እላለሁ? ገና ተናግሮ ሳይጨርስ እሺ አልኩት።”