የወፈረው ፓላዲየም

[አቃቂ ቃሊቲ። የጠጅ ሣር ዘይት ወደ ጽጌረዳ ሽታ እየለወጠች ለሳሙና ፋብሪካ የምትሸጥ ባለ ሁለት ክፍል ድርጅት። ኬሚስቱ ቀናው፣ ዲፕሎማውንም የሦስት ሳምንት ሥልጠና ወረቀቱንም ጎን ለጎን ሰቅሎ፣ ሚዛኑ ላይ አፍጥጧል። ድሮ ሳሪስ አቦ በርበሬ ይነግዱ የነበሩት ብልቃጥ አጣቢው ጋሽ ሻፊ ጨርቅ ይጨምቃሉ።]

ሻፊ፦ እኔ ሚዛኑ ተበላሽቷል አላልኩም። ዱቄቱ አልጨመረም ነው ያልኩት።

ቀናው፦ ጋሽ ሻፊ፣ ይዩት እንጂ! ሲመጣ አሥራ ሁለት ግራም። ሰባት ጊዜ ሠራንበት። ዛሬ አሥራ አራት!

ሻፊ፦ ተሠርቶበት የሚጨምር ዕቃ አይቼ አላውቅም።

ቀናው፦ ካታሊስት ነዋ! ፓላዲየም የሚባል ውድ ብረት፣ ከሰል ዱቄት ላይ ተበትኖ። እንዴት ላስረዳዎት... እንደ ደላላ ነው። ሻጭና ገዢን ያገናኛል፣ እሱ ምንም ሳይሆን ይወጣል። አጥልለን ለሌላ ሥራ እንልከዋለን።

ሻፊ፦ ኮሚሽን ሳይቀበል?

ቀናው፦ ሳይቀበል።

ሻፊ፦ የየት አገር ደላላ ነው?

ቀናው፦ ምሳሌ ነው፣ ጋሽ ሻፊ!

ሻፊ፦ ይሁን። ግን ያንተ ደላላ ሁለት ግራም ወፍሮ ወጥቷል። የሆነ ቦታ በልቷል።

ቀናው፦ [ትዕግሥት ፍለጋ ጣሪያውን እያየ] ይሄ ግኝት ነው! ዓለም ሁሉ ቀነሰብኝ ሲል ቃሊቲ ላይ ጨመረ። ምክንያቱንም ደርሼበታለሁ። ያንን ራስ የሚያዞር ማሟሚያ፣ ቶሉዊንን ትተን፣ አካባቢ በማይበክለው በአልኮልና በውሃ መሥራት ስለጀመርን ነው። ተስማማው!

ሻፊ፦ እኔንም ተስማምቶኛል፣ ራስ ምታቴ ጠፋ። ግን ኪሎ አልጨመርኩም።

ቀናው፦ እርስዎ ካታሊስት አይደሉማ! ለዚህ ነው ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ አሰለፈች ዛሬ ባንክ ከሚወስዱት የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ዝርዝር ላይ ፓላዲየሙን ያስወጣሁት። የሚራባ ነገር አይገዛም።

ሻፊ፦ ወረፋው ካለፈንስ?

ቀናው፦ ስድስት ወር መጠበቅ ነው። ምን ቸገረን?

ሻፊ፦ እሺ፣ ዱቄቱን ከምን ላይ አንስተህ መዘንከው?

ቀናው፦ ከማጥለያው ወረቀት ላይ፣ በውሃ አጥቤ። ማድረቅ ክልክል ነው፤ ደርቆ የአልኮል ትነት ካገኘው ይነድዳል። ሥልጠናው ላይ ተምሬዋለሁ!

ሻፊ፦ እና እርጥቡን መዘንከው።

ቀናው፦ [ድምፁን አወፍሮ] በሳይንሳዊ መንገድ፣ እርጥቡን።

ሻፊ፦ ቀናው ልጄ፣ ሃያ ዓመት በርበሬ ሸጫለሁ። ሌባ ነጋዴ ከመመዘኑ በፊት ጆንያው ላይ ውሃ እፍ ይልበታል። እኔ ደግሞ አንድ ጭብጥ ዘግኜ፣ ቆርቆሮ ላይ አድርቄ መልሼ እመዝናለሁ። የቀነሰችው ውሃ ናት። ከዚያ ለጆንያው ማስላት ነው።

ቀናው፦ ፓላዲየምን ከበርበሬ ጋር!

ሻፊ፦ ከአልኮሉ አርቀህ አንድ ግራም ብቻ አድርቅ። ካፈርኩ ልፈር።

[ቀናው ሊያሳፍራቸው ቸኩሎ ወደ ሌላኛው ክፍል ገባ። አደረቀ፣ መዘነ። መነጽሩን ጠርጎ እንደገና መዘነ። ሚዛኑን ከፍ አድርጎ ሥሩን ሁሉ አየ። ሥሩ ምንም የለም።]

ቀናው፦ ዜሮ ነጥብ ስድስት አራት።

ሻፊ፦ ለአሥራ አራቱስ?

ቀናው፦ ዘጠኝ ገደማ። ጋሽ ሻፊ፣ ሦስት ግራም ተሰርቀናል!

ሻፊ፦ አጥልለህ ስትጨርስ እጅህን በምን ትጠርጋለህ?

[ቀናው ቁልቁል አየ። ነጭ የነበረው ጋውኑ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ጠቁሯል።]

ቀናው፦ ወይኔ! በየቅዳሜው እኮ ዘፍዝፌ አጥበዋለሁ... [ድንገት ብድግ ብሎ] ዝርዝሩ! [ስልኩን እየጠቀጠቀ] ኔትወርክ የለም! ወይዘሮ አሰለፈች ይሄኔ ሳሪስን አልፈዋል! ስድስት ወር ያለ ካታሊስት! ድርጅቱ በእኔ ሊዘጋ!

ሻፊ፦ ቁጭ በል። ፓላዲየሙ ዝርዝሩ ላይ አለ።

ቀናው፦ ትናንት በእጄ ሰርዤው?

ሻፊ፦ ዛሬ በእጄ መለስኩት። ስሙን ከዕቃው ላይ ፊደል በፊደል ገለበጥኩ።

ቀናው፦ ያለ ኬሚስቱ ፊርማ ባንክ አይቀበልም!

ሻፊ፦ ፈርመሃል። ጠዋት ሰጠሁህ፤ ወረቀት ሳያነቡ መፈረም አደጋ እንዳለው እያስረዳኸኝ ፈረምክ።

ቀናው፦ [ላቡን በጋውኑ ሊጠርግ ብሎ እጁን መለሰ] ጋሽ ሻፊ፣ እግዜር ይስጥልኝ... ቆይ። ስንት ወረቀት ነበር?

ሻፊ፦ ሁለት።

ቀናው፦ ሁለተኛው ምንድን ነው?

ሻፊ፦ የዓመት ፈቃዴ። ሃያ ቀን፣ ከነገ ጀምሮ።

ቀናው፦ ነገ እኮ ስምንተኛው ዙር ነው! ይሄን ሁሉ ብልቃጥ ማን ሊያጥበው?

ሻፊ፦ [ጓንታቸውን አውልቀው እየሰጡት] እኔ ምን አውቃለሁ? «በምትካቸው የሚሠራው» የሚለው ቦታ ላይ የፈረምከው አንተ ነህ።