ጠበቅ አድርጊው!

ችግርን ሁሉ በማጥበቅ የሚፈታ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ዓረብ አገር፣ ሀደት በሚባለው ሰፈር አንዷን አውቃለሁ፤ ፀጉር ሠሪዬን አልማዝን። ሹሩባ ስትሠራኝ ቅንድቤ ግንባሬ ላይ ይወጣል። «አመመኝ» ስላት፣ «ያኒ፣ ውበት እንዲሁ ይገኛል እንዴ?» ትለኛለች ዓረብኛ እየቀላቀለች።

የአሠሪዬ የማዳሜ ልጅ ሰልችቶት የሰጠኝ ዩኩሌሌ አለኝ፤ አራት ክር ያላት ትንሽ ጊታር በሏት። ክሮቹን ከታች የሚይዘው እንጨት ሲነቀል በዊግ ማጣበቂያ የለጠፈችልኝ አልማዝ ናት፤ «እዚህ ያምርበታል» ብላ ሆዱ ላይ ወዳለው ቀዳዳ አስጠግታ። ከዚያ ወዲህ ክሩን በባዶው ስመታው ልክ ነው፤ አንገቱ ላይ ስጫነው ግን ድምፁ እየቀጠነ ይሸሻል።

«ጠበቅ አድርጊው!» አለች። አጠበቅኩት። ባሰበት። እሁድ ደግሞ በጓደኛችን ሠርግ ልጫወት ቃል ገብቻለሁ!

በመጨረሻ የሹሩባ ክር አንስቼ ለካሁ። አንገቱ ላይ ያሉት ብረቶች የሚደረደሩት በክሩ ርዝመት ነው፤ አሥራ ሁለተኛው ብረት እኩሌታው ላይ መዋል አለበት። የእኔ ግን የታችኛው ግማሽ አጥሯል። ታዲያ ብረቶቹ ምን አጠፉ? ከቦታው የሸሸው እንጨቱ ነው! ማጣበቂያውን በአልማዝ ፀጉር ማድረቂያ አላቅቄ፣ እንጨቱን ወደ ልኩ መልሼ፣ በእንጨት ኮላ ለጠፍኩት።

እሁድ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። አንድም ድምፅ አልሸሸም፤ ሙሽራዋ ጫማዋን አውልቃ ጨፈረች። አልማዝ በኩራት ወደ ጎረቤቷ ዞራ፣ «ማን ሆነና ጠበቅ አድርጊው ያላት!» አለች።

ፈገግ አልኩላት። ለሠርጉ ሹሩባ አጥብቃ የሠራችኝ እሷ ስለነበረች፣ ፈገግታዬን ልሰብስብ ብልም አልችልም ነበር።